የሐሙስ ማታ በረዶ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

በደማም፣ በኾባር፣ በዳህራንና በቀጢፍ፣ እንዲሁም በምሥራቃዊው የሳዑዲ ግዛት ሁሉ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ለዛሬ የያዝንላችሁ ርዕስ ከቤት ስንወጣ ይዘነው ስለምንሄደው ምግብ ነው፤ በተለይም ምግቡን በአይስ ቦክስ ውስጥ ቀዝቃዛ አድርጎ ስለማቆየት። ማታ ማታ ኮርኒሽ ለመቀመጥ ስንወጣ፣ ሀፍ ሙን ባሕር ዳርቻ ስንውል፣ ለልደት ወይም ለሽኝት ኢስቲራሃ የሚባለውን የመዝናኛ ግቢ ስንከራይ፣ ያ ሳጥን አብሮን አለ። ሥራውን በትክክል የምናሠራው ግን ጥቂቶች ነን።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስይዛችሁ። አይስ ቦክስ ምንም ነገር አያቀዘቅዝም። ሞተር የለውም፣ ጋዝ የለውም፣ ገመድ የለውም። ጋቢ በውስጡ እሳት እንደሌለውና የለበሰውን ሰው ሙቀት ብቻ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ሳጥኑም የሚያደርገው የሰጣችሁትን መጠበቅ ነው። ቅዝቃዜ ከሰጣችሁት ቅዝቃዜውን ይጠብቃል፤ ለብ ያለ ወጥ ከሰጣችሁት ለብታውን ይጠብቃል። በሁለቱ የፕላስቲክ ግድግዳዎቹ መካከል ያለው አረፋ መሰል ነገር ሙቀት በፍጥነት እንዳያልፍ ያደርጋል፤ ከዚያ ያለፈ ችሎታ የለውም። ስለዚህ ዓርብ ለምንወጣበት ሽርሽር ዋናው ሥራ የሚሠራው ሐሙስ ማታ፣ ማድ ቤት ውስጥ ነው።

ሳጥኑ የሚታገለው ሙቀት ምን ያህል እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ቁጥሩን መስማት ጥሩ ነው። በዚህ አካባቢ በበጋው ከ45 ዲግሪ በላይ መድረስ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ገደማ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ከፀሐይ በታች ማሠራት በሕግ የተከለከለውም ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ለሰው የማይሆነው ፀሐይ ለወጥና ለወተትም አይሆንም። ሙቀቱ ብቻውን ቢሆን ደግሞ ምንኛ በቀለለ! ባሕሩ አጠገባችን ነው፤ የባሕረ ሰላጤው ውሃ በበጋ ከዓለም ሞቃት ባሕሮች አንዱ ስለሆነ አየሩን በእርጥበት ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2003 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዳህራን ውስጥ የአየሩ ሙቀት 42 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ ደግሞ 35 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ የያዘው እርጥበት ወደ ውሃ ጠብታነት መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት ነው። እንዲህ ያለ የጤዛ ነጥብ በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ ይጠቀሳል፤ በሰው ገላ ላይ ሲሰማ እንደ 81 ዲግሪ ያህል ነበር ይባላል።

እርጥበቱ ለምን እንደሚያሳስበን ላስረዳ። ከሳጥኑ አንድ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ለስላሳ አውጥታችሁ ምንጣፉ ላይ ብታስቀምጡት፣ ገና ሳትከፍቱት ውጪው በውሃ ጠብታ ይርሳል፤ ጠብታው ተያይዞ ወደ ታች ይፈስሳል። ብዙዎቻችን ይህን ስናይ መጠጡ ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደሆነ ነው የምናደንቀው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በአየር ውስጥ ያለ እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ የሚለቀውም እዚያው ቆርቆሮው ላይ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች ዴል ዱራንና ዳርገን ፍሪርሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሰው ፀጉር ያህል ውፍረት ያለው የጤዛ ሽፋን ብቻ የቆርቆሮውን መጠጥ በ5 ዲግሪ ገደማ እንደሚያሞቀው አሳይተዋል። ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው የደማም የነሐሴ አየር በበረዶው ላይ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

አገር ቤት ውሃ በገንቦ ወይም በእንስራ ስናስቀምጥ ቀዝቅዞ እናገኘው ነበር። ሸክላው ውሃውን ቀስ እያለ ወደ ውጪ ያሳልፍና እርጥበቱ በደረቅ አየር ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን አስታውሶ እዚህም እርጥብ ጨርቅ በሳጥኑ ወይም በውሃው ላይ ይጠቀልላል። በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ፣ ሸማል የሚሉት ደረቅ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ፣ ይህ ዘዴ ይረዳል። በነሐሴና በመስከረም እርጥበቱ ሲመጣ ግን ጨርቁ አይደርቅም፤ ካልደረቀም አያቀዘቅዝም። በእነዚያ ወራት ከበረዶ ሌላ የምንተማመንበት የለም።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ለእሱ ስለሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ደህንነቱ ስለተጠበቀ ምግብ በሚያስተምርበት መመሪያ ከ5 ዲግሪ በታች ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ አቆዩ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው የባክቴሪያ ሰፈር ነው። ምቹ ሙቀት ሲያገኝ አንድ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ገደማ ሁለት ይሆናል። ስሌቱን ስሙት፤ አንድ ሺህ የነበረው በሦስት ሰዓት ከ5 መቶ ሺህ ያልፋል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት መቆየት የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ደግሞ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል ብሎ ይመክራል። በእኛ የበጋ ቀን ያለን ጊዜ እንግዲህ አንድ ሰዓት ነው። በፀሐይ የቆመች መኪና ውስጥ ከሆነ እሱም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ውጪው 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ቀን እንኳ የተዘጋች መኪና ውስጧ በአንድ ሰዓት 47 ዲግሪ ደርሷል። ደማም ላይ 22 ዲግሪ የብርድ ወራት አየር ነው!

አንድ በጣም የተለመደ እምነት አለ፤ ስለዚህ ጉዳይ ሳይደክመኝ እናገራለሁ። "ስደርስ አሞቀዋለሁ፣ ሲፈላ ይሞታል" ይባላል። ባክቴሪያው አዎን፣ ብዙው ይሞታል። አንዳንዱ ግን በቆየበት ጊዜ መርዝ ሠርቶ ያልፋል፤ መርዙም በመፍላት አይጠፋም። በቆዳችንና በአፍንጫችን ላይ የሚኖር ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በእጅ ተነካክቶ ለብ ባለ ሙቀት በቆየ ምግብ ላይ ይራባል፣ መርዙንም ይተዋል። እስኪ የእኛን ፍርፍር አስቡት። እንጀራው በእጅ ይቆራረሳል፣ ወጡ ላይ ይፈረፈራል፣ በእጅ ይገለበጣል፣ ከዚያ በፕላስቲክ ዕቃ ተከድኖ መኪና ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ይቀመጣል። በሚገባ የሞቀም አይደለም፣ የቀዘቀዘም አይደለም። ቤት ትኩሱን ብንበላው ኖሮ ምንም አይደለም፤ ሸክፈን ስንጓዝ ግን ችግሩ ይመጣል። ስለዚህ እንጀራውን ለብቻው፣ ቁሌቱን ወይም ወጡን ቀዝቅዞ ለብቻው ያዙ፤ እዚያው ደርሳችሁ፣ እጅ ታጥባችሁ፣ ወጡን በሚገባ አፍልታችሁ ፈርፍሩት። ለመታጠቢያ የሚሆን አንድ ሙሉ ሃይላንድ ውሃና ሳሙና ለይታችሁ ያዙ፤ ጉርሻ ያለበት ማዕድ እጅ መታጠብን ግድ ይላል።

"እኛ ዓርብ ጾመኞች ነን፣ ሥጋ አንይዝም፣ ምን ያሰጋናል?" የሚሉም አሉ። የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ለኦርቶዶክሱ የሽርሽሩ አንደኛው ቀን የጾም ቀን ነው። ነገር ግን ሩዝም፣ ፓስታም፣ ምስርም፣ ሽሮም የተቀቀለ እርጥብ ምግብ ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ በተለይ በሩዝ የታወቀ ነው፤ ሩዙ ሲቀቀል የማይሞት፣ ስፖር የሚባል የእንቅልፍ መልክ አለው፤ ሩዙ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ስፖሩ ይነቃል። እሱም የሚተወው መርዝ ዳግም ማፍላትን ይቋቋማል። ትልቅ ድስት ሙሉ የሥጋ ወይም የዶሮ ወጥ ደግሞ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል የራሱ እንግዳ አለው፤ እሱም እንዲሁ በስፖር ያልፍና ድስቱ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃው ላይ ለብ ብሎ ሲያድር ይራባል። ክትፎ ጥሬውን ወይም ለብለብ ይዞ መውጣት ግን በዚህ አየር ጨርሶ ባይታሰብ እመርጣለሁ። ሥጋው ሲከተፍ በላዩ የነበረው ባክቴሪያ ሁሉ ውስጡ ይገባል፤ ክትፎ ካማራችሁ ቤታችሁ ብሉት።

ሐሙስ ማታ እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ከድስቱ ነው። ዶሮ ወጡ በሙሉ ድስት ፍሪጅ ውስጥ ቢገባ መሀሉ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ፍሪጁንም ያሞቀዋል። በዝርግ ዕቃዎች ከፋፍሉት፤ ጥልቀቱ ከአራት ጣት አይብለጥ። አገር ቤት ቢሆን የቧንቧ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሞልተን ዕቃውን እንነክረው ነበር። እዚህ በበጋ ከጣሪያው ታንከር የሚወርደው ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ገንዳው ውስጥ በረዶ ጨምሩበት። እንፋሎቱ ሲበርድ ፍሪጅ ይግባ፤ ይህ ሁሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅ። ጠዋት ሳጥን የሚገባው ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ያደረ፣ ሲነኩት ቁርጥ ያለ ቀዝቃዛ ምግብ ብቻ ነው።

ይህን የምለው በረዶ ውድ ሀብት ስለሆነ ነው። ምን ያህል ውድ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚውጠው ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃን ከዜሮ ዲግሪ ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃ ነው፤ ትልቅ ጉልበት ነው። ሆኖም ከበቃላው፣ ማለትም ከሰፈሩ ሱቅ፣ በር ላይ፣ በሙቀት ከተቆለለው ካርቶን የተገዛ፣ 40 ዲግሪ የደረሰ ባለ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ 660 ግራም ያህል በረዶ ይበላል። ስድስቱን በአንድ ላይ ብትከቱ 4 ኪሎ በረዶ ውሃ ብቻ በማቀዝቀዝ አለቀ። ምግቡን የሚጠብቀውስ? ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ሲከፈት የምናየው ከዚህ የመጣ ነው፤ የበረዶው ከረጢት ባዶውን ተጣጥፎ ይንሳፈፋል፣ የለስላሳው ወረቀት ተላጦ ውሃው ላይ ይዋኛል፣ የጥሬ ዶሮው ፌስታል ከሰላጣው ጋር እየተጋጨ ይዋልላል። ውሃውም፣ ለስላሳውም፣ ሐብሐቡም ማታውን ፍሪጅ ይደሩ። ሳጥኑ ራሱም ከሰገነት ወይም ከመኪና ወርዶ ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ ይደር፤ ከተቻለ አንድ ሁለት የበረደ ውሃ ውስጡ ተደርጎ። ግድግዳው ሞቅ ብሎ ካደረ የመጀመሪያውን በረዶ የሚበላው እሱ ነው።

በረዶውን ከየት? የሚሸጠው ደቃቅ በረዶ ቶሎ ያቀዘቅዛል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ሙቀት የሚነካው ገጽ ብዙ ስለሆነ ነው። ትልቅ ቁራጭ በረዶ ዘግይቶ ይቀልጣል። ከሁሉ የምወደው ዘዴ በሃይላንድ ውሃ ማርጋት ነው። ከእያንዳንዱ ላይ አራት ጣት ያህል ትጠጡለታላችሁ፣ ምክንያቱም ውሃ ሲረጋ በመቶ 9 ገደማ ይሰፋል፤ ሞልቶ ከገባ ፕላስቲኩ ይተረተራል። ክዳኑን አጥብቃችሁ ፍሪዘር ውስጥ አጋድሙት። ለዓርብ የሚሆነው ረቡዕ ማታ ቢገባ ልቡ ድረስ ይረጋል። የቀለጠው ውሃ ሳጥኑ ውስጥ አይፈስም፣ ምግቡን አያርስም፣ በመጨረሻም ትጠጡታላችሁ። የምትጠብሱት ሥጋና ዶሮ ካለም በቅመሙ እንደተለወሰ አርጉት፤ እስከ ጥብሱ ሰዓት ድረስ እሱ ራሱ በረዶ ሆኖ ያገለግላል።

አብዛኞቻችን ልጆች ሳለን የጤና ባለሙያዎች በትከሻቸው አንጠልጥለውት በየመንደሩ የሚዞሩትን የክትባት ሳጥን እናስታውሳለን። ኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራሟን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ክትባቱ የሚደርሰው በዚያ ሳጥን ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያ ሲሞቅ ይበላሻል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከረጋም ይበላሻል። ስለዚህ ባለሙያዋ በረዶ የያዘውን ጥቅል ከፍሪዘር አውጥታ ውስጡ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ትነቀንቀዋለች፤ ከዚያ ነው የምትደረድረው። ይህን የማነሳው ከእናንተ መካከል ኢንሱሊን የሚወጋ ስላለ ነው። ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል፣ ከረጋም አይሠራም። በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በረዶውን ሳይነካ፣ ከላይ አስቀምጡት፤ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አትተዉት። ባለሙያዋ ሳጥኑን ከጥላ ውጪ አትከፍትም፣ ክዳኑንም ያለ ሥራ አታነሳም፤ በዚህ እሷን እንምሰል።

አደራደሩ እንዲህ ነው። ከታች የረጋ ሃይላንድ ይተኛል። በላዩ ጥሬ ሥጋና ዶሮ፣ በሁለት ፌስታል ታስሮ ወይም በሚገጥም ክዳን ተዘግቶ፤ ምንጊዜም ከታች ነው፣ ደሙ ወደ ሌላው እንዳይንጠባጠብ። ከዚያ ወጡ፣ አይቡ፣ ወተቱ፣ የተቀቀለው እንቁላል። ከላይ ደግሞ ሌላ ረድፍ በረዶ፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ የላዩ በረዶ ከታቹ ይበልጣል። ክፍተት ካለ በፎጣ ሙሉት፤ ባዶ ቦታ የሚሞላው ሞቃት አየር ነው። በበጋ ከሳጥኑ ግማሽ ያህሉ በረዶ ቢሆን አይበዛም። እንጀራው ሳጥን ውስጥ ቦታ አይሻማ፤ እርሾው ስላኮመጠጠው አንድ ቀን ውጪ መዋሉ አይጎዳውም፣ ላብ እንዳይዘው ብቻ በጨርቅ ይጠቅለል። መጠጡ ለብቻው በሌላ ሳጥን ቢሆን ደግሞ ግማሹን ችግር ፈታችሁ ማለት ነው። ልጆች በየአሥር ደቂቃው የሚከፍቱት የመጠጡን ነው፤ የምግቡ ሳጥን እስከ ምሳ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። ሁለተኛ ሳጥን ውድ ከሆነባችሁ ነጩ የፎም ሳጥን ለመጠጥ ይበቃል።

በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼን ለብቻ ላናግር። የመዳም ቤተሰብ በብርድ ወራት ወደ በረሃው ሲወጣ፣ በበጋ ደግሞ ወደ ባሕሩ፣ ሳጥኑን የምታዘጋጂው ብዙ ጊዜ አንቺ ነሽ፤ አንድ ሰው ቢታመም ዓይን ወደ አንቺ እንደሚዞርም ታውቂያለሽ። ረቡዕ ማታ በረዶው እንዲረጋ ፍሪዘሩ ውስጥ ቦታ ጠይቂ፤ ሩዙ በትልቁ ድስት ከምድጃ ላይ እንዳያድር ተናገሪ፤ ጥሬውንና የበሰለውን ለይተሽ እሰሪ። ለራስሽ የምትይዥውም ምግብ እዚያው ሳጥን ውስጥ ቦታ ይገባዋል። ሹፌሮችም እንዲሁ፤ ጠዋት የተቋጠረላችሁ ምሳ ከወንበሩ ሥር ውሎ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከተከፈተ አንድ ሰዓቱን ካለፈ ቆይቷል። ትንሽ ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳና አንድ የረጋ ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃችኋል።

ቦታው ስትደርሱ ሳጥኑን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ቶሎ አውርዱት። አሸዋው ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ የሀፍ ሙን አሸዋ በቀትር ባዶ እግር የሚያስረግጥ አይደለም፣ ያ ሙቀት ከሥር ይገባል። ምንጣፍ ወይም ጣውላ ይደረግለት፣ በላዩ ነጭ አንሶላ ይጣልበት፤ ጥላው ሲዞር እሱም ይዙር። ሐብሐቡን ባሕር ውስጥ ነክሮ ማቀዝቀዝ አገር ቤት በወንዝ ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ በበጋ የባሕሩ ውሃ 32 ዲግሪና ከዚያም በላይ ስለሆነ ሐብሐቡን ያሞቀዋል። ከበረዶው የቀለጠው ቀዝቃዛ ውሃ ግን በረዶው እስካለ ድረስ አይደፋ፤ እሱም ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው፣ ምግቡ ብቻ ውሃ በማይገባው ዕቃ ይሁን። ጥሬ ሥጋ የነካውን በረዶ ደግሞ ማንም ብርጭቆ ውስጥ አይጨምር።

ሳጥኑ አሁንም ቀዝቃዛ መሆኑን በምን እናውቃለን? የፍሪጅ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፤ አንድ ገዝታችሁ መሀል ላይ አስቀምጡ። ትክክል መሆኑን ለማወቅ በረዶ በሞላበት የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ብትነክሩት ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለበት። ከ5 ዲግሪ በታች ካለ ሰላም ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ በረዶውን እዩ፤ ጠጣር በረዶ ገና ከቀረና ምግቡ ሲነካ በጣም የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደህና ነው። በረዶው ካለቀና ውሃውም ለብ ካለ፣ ሥጋው፣ ወተቱ፣ አይቡ፣ ሩዙና ወጡ ይጣላል። ሽታና ጣዕም አትመኑ፤ የሚያሳምመው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አይሸትም። እህል መጣል ለእኛ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጅን ይዞ ሆስፒታል ማደር ግን ይከፋል።

ቅዝቃዜ የማይመቸው ካለ ሌላው መንገድ ሙቀት ነው። ያው ሳጥን በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ ከምድጃ የወረደ የሚንተከተክ ወጥ በሚገጥም ክዳን ተዘግቶ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ቢገባበት ለተወሰነ ሰዓት ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆያል። አስቸጋሪው መሀሉ ነው፣ ለብ ያለው። ለሕፃን የዱቄት ወተት የምትይዙም ተበጥብጦ አይውጣ፤ ዱቄቱን ለብቻ፣ የፈላውን ውሃ በፔርሙስ ለብቻ ያዙና ሲርበው አዘጋጁለት።

ዓሣ የምትወዱ ደግሞ ብዙ ናችሁ። ከቀጢፍ ገበያ ወይም ከኮርኒሹ አጠገብ ገዝቶ እዚያው መጥበስ ደስ ይላል። ከንአድ የሚባለው ዓሣ ግን ከቀዝቃዛ ቦታ ከወጣ በሥጋው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ የቱና ዓይነቶችም እንዲሁ። መጥበስም ማርጋትም ይህን አያጠፋውም። የበላው ሰው ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፣ ራሱን ይመታዋል፤ አለርጂ ይመስለዋል። ስለዚህ ወደ ዓሣ ገበያ ስትሄዱ ሳጥኑንና በረዶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ነጋዴው ሲመዝንላችሁ በዚያው በረዶ ውስጥ ይግባ።

በነገራችን ላይ፣ አያቶቻችን ረጅም መንገድ ሲወጡ በረዶ አልያዙም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጩኮ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነበር ስንቃቸው። ደረቅ ምግብ ባክቴሪያ የሚራባበት ውሃ የለውም፤ ጩኮም በቅቤው ተሸፍኖ ይቆያል። እኔ ለበጋ ሽርሽር ከምንይዘው ግማሹን ወደዚህ ብንመልሰው ደስ ይለኛል። ድርቆሹ በፌስታል፣ ቁሌቱ በሳጥኑ ውስጥ ቀዝቅዞ፣ እዚያው ደርሶ ቋንጣ ፍርፍር። በሳጥኑ ላይ ያለው ጭነት ይቀላል፣ በረዶውም ይበረክታል። ቋንጣውንና ድርቆሹን ግን በደማም ሰገነት ለማድረቅ አትሞክሩ፤ በእርጥቡ ወራት ይሻግታል። ከአገር ቤት የመጣውም ቢሆን በጥብቅ ክዳን ይቀመጥ።

በመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ሳጥኖች በተመለከተ ደጋግሞ ጥያቄ ይደርሰናል። ሁለት ዓይነት ናቸው። ርካሾቹ በኤሌክትሪክ ሰሌዳ የሚሠሩት ከአካባቢው አየር 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ማድረግ ነው የሚችሉት። ውጪው 45 ከሆነ ውስጡ 25 ነው፤ ለወጥ አይበቃም። እንደ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ያላቸው በእርግጥ ያቀዘቅዛሉ፣ ዋጋቸው ግን ይከብዳል፣ መኪናው ጠፍቶ ብዙ ከቆየም ባትሪ ይጨርሳሉ።

ሰው ቢታመምስ? ማስመለስና ተቅማጥ ሲመጣ የመጀመሪያው ነገር ፈሳሽ መተካት ነው፤ ኦ.አር.ኤስ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ቤት አኑሩ፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ሕፃን፣ እርጉዝ ወይም አረጋዊ ከሆነ፣ በደም የተቀላቀለ ከሆነ፣ ወይም የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ አትጠብቁ። የጤና ሚኒስቴሩ ስልክ 937 ነው፤ አምቡላንስ ለመጥራት ደግሞ 997። ሆስፒታል ስትገቡ "ታሰሙም ጊዛኢ" በሉ፤ የምግብ መመረዝ እንደሆነ ይገባቸዋል። ምን እንደተበላና በስንት ሰዓት እንደተበላ ንገሯቸው።

ቤት ስትመለሱ፣ ድካም ቢኖርም፣ ሳጥኑ እንደተዘጋ እንዳያድር። የተረፈውን ለዩ፤ በረዶ ላይ የቆየው ወዲያው ፍሪጅ ይግባ፣ ምንጣፍ ላይ ተከፍቶ የዋለው ይጣል። ሳጥኑን በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ በተበረዘ በረኪና ውስጡን አዳርሱት፣ የክዳኑን ጠርዝና የማፍሰሻውን ቀዳዳ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት፤ ሽታውና ሻጋታው የሚደበቀው እዚያ ነው። በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ኤሲ ባለበት ክፍል አቆዩት። ፍሪዘር ውስጥ የቀሩ ሃይላንዶች ካሉ ለሚቀጥለው ሐሙስ እዚያው ይቆዩ።



(የመለያ ሙዚቃው ይመለሳል)